ማዳበሪያ ያልነካው ጥግ

ሚስቴ በሕይወት ሳለች ከግጦሻችን አንዱን ጥግ ማዳበሪያ አታስነካም ነበር። የክረምቱ ውሃ ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ ደረቁን እበት በእጇ እያደቀቀች ትበትንበት ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ልጄ በቀረው ሣር ላይ ሁሉ ማዳበሪያ በተነና «ያንንም ጥግ ልጨምር» አለኝ። እምቢ አልሁት።

ዘንድሮ በበጋው አንዲት የአፈር ተመራማሪ ከወረታ በባጃጅ መጣች። ከሁለቱም ሣር ሥር አፈር ልውሰድ አለችኝ። ከልጄ በኩል ያለውን ውሰጂ፣ ይኼን ግን አይሆንም አልኋት።

«አባባ፣ አፈርም እንደ ሊጥ እርሾ አለው» አለች። «ሲሞቀው ይሠራል፣ ሲበርደው ያንቀላፋል። ማዳበሪያው ምን እንዳደረገው የማውቀው ያልነካውን ሳይ ነው።»

«ልትጋግሪው ነው እንዴ?» አልኋት። ሳቀች። «የሚስቴ እጅ ነው ያለበት፤ እሷ የለችም» ስላት ግን መቆፈሪያዋን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እንግዲያ እርስዎ ራስዎ ይቆፍሩልኝ» አለችኝ።

ቆፈርሁና አንድ እፍኝ ሰጠኋት። ጥቁር ነው፣ ፀሐዩ አሙቆታል። እሷ ስትሄድ ጉድጓዱን ልደፍን እበት ይዤ ተቀመጥሁ። በእጄ ባደቅቀው ባደቅቀው፣ እበቱ በሚስቴ እጅ እንደሚልመው አልልም አለኝ።