የወይዘሮ ሰርኬ ግድግዳ

ታዲዮስን አየር ጤና ያለው የመለዋወጫ ሱቁ ሄዳችሁ ስለ ቤቱ እድሳት ብትጠይቁት ወሬ ይቀይራል። አምና እንዲህ አልነበረም። ደንበኛውን ሁሉ ይዞ በስልኩ ፎቶ እያሳየ፣ "ጎረቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሲሠራ እኔ የእማዬን ቤት አልነካሁም! ከኋላ በብሎኬት ሁለት ክፍል ቀጠልኩ እንጂ" ይል ነበር።

እውነቱን ነው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለው የጭቃ ቤት ዛሬም ቆሟል። ምሰሶው፣ ሰማያዊው የእንጨት መስኮት፣ ጠባቧ በረንዳ፣ ሁሉም አለ።

እናቱ ወይዘሮ ሰርኬ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመታቸው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ግን መሪ ፈልገው አያውቁም ነበር። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ በሩንም አልጋውንም ያገኙታል። እንዴት አያውቁት! እንደ ጉራጌ እናቶች ደንብ፣ መስቀል በመጣ ቁጥር ቤቱን በጭቃና በእበት የሚለስኑት እሳቸው ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ፣ በገዛ እጃቸው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም አልተዉም። የጣቶቻቸው ፈለግ ግድግዳው ላይ ይታይ ነበር።

ታዲዮስ ሥራው እስኪያልቅ ዓለም ባንክ ሰፈር እህቱ ሔለን ዘንድ ሲወስዳቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጄ፣ ከኋላ የፈለግከውን ጨምር። ቤቴን ግን እንዳለ መልስልኝ።"

"አንቺን ይንሳኝ እማዬ፣ አልነካውም!"

አዲሶቹ ክፍሎች አልቀው አምረው ሲታዩ ግን አሮጌው ግድግዳ አሳፈረው። ግንበኛውን ጋሽ ወዬሳን፣ "ይሄንንም በሲሚንቶ ይለስኑልኝ። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ እበት ስታቦካ አትኑር፣ ትረፍ" አላቸው።

"ሲሚንቶው እንዲይዝ የድሮው ልስን መፋቅ አለበት" አሉ ጋሽ ወዬሳ። "እናትህን ጠይቃቸው።"

"ሰርፕራይዝ ነው ጋሼ!" አለ ይሄ ጉደኛ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ?

ሦስት ቀን ሙሉ ተፋቀ። የስንት መስቀል ልስን በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ በጋሪ ወጣ። ታዲዮስ ራሱ እያፏጨ ከረጢቱን ይይዝ ነበር።

ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀር ወይዘሮ ሰርኬ ተመለሱ። ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸውና ደስታቸውን ሊያይ ለቀቃቸው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ልሙጥና ቀዝቃዛ ነው። ወደ ግራ ዳበሱ፣ ወደ ቀኝ ዳበሱ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡና ባሉበት ቆመው ቀሩ።

"መቀመጫው በየት በኩል ነው፣ ልጄ?"

ታዲዮስ አስቀመጣቸውና የድሮው ልስን ተፍቆ በሲሚንቶ መለሰኑን አንድ በአንድ አስረዳቸው።

"ለእኔ ብለህ ነው። ተባረክ" አሉት። ምናለ ቢቆጡት!

ወይ ነዶ! በነጋታው ጋሽ ወዬሳ ዘንድ ሮጦ፣ ሲሚንቶው ይነሳና በጭቃ ይመለስልኝ ብሎ ለመናቸው።

"ጭቃውንስ እመልስልሃለሁ" አሉት ሽማግሌው። "የእሳቸውን እጅ ከየት ላምጣልህ?"

ሲሚንቶው እንዳለ የመስቀል ሳምንት ገባ። አንድ ጠዋት ታዲዮስ ሱቅ ሊከፍት ሲወጣ፣ እናቱን ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

"የት ልትሄጂ ነው እማዬ?"

"በዓሉ ደረሰ እኮ ልጄ። ቤቴ ሳይለሰን ሊያልፍ ነው። መቼ ነው የምትወስደኝ?"

ቤትሽ እኮ ይኸው ነው ሊላቸው አፉን ከፈተ። ከዚያ የሱቁን ቁልፍ ኪሱ ከቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።