አክስቴ ይሁናና መሰላል የያዙላት ጎረቤት

አክስቴን ሰፈሩ የሚጠራት «ይሁና» ብሎ ነው። ሶፋ ታድሳለች፤ ጨርቅ ለክታ፣ ስፖንጅ ቆርጣ፣ ምስማሩን ባፏ ይዛ እየመታች። ደንበኛ «ትንሽ ቀንሺልኝ» ካላት «ይሁና!»፤ «ለነገ ይድረስልኝ» ካላት «ይሁና!» ነው። እኔ አጠገቧ ሆኜ እርር ድብን እላለሁ።

ለዓመታት የሠራችው በረንዳ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሶፋ ተሸክመን መሮጥ ነው፤ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ደግሞ እንደ ሬሳ ይከብዳል። በመጨረሻ መረራትና ጓሮ አንድ ክፍል ልትሠራ ተነሳች። ያላትን ሁሉ፣ የጣቷን ቀለበት ሳይቀር፣ እዚያ ላይ አፈሰሰችው።

የኋላ ጎረቤታችን ጡረተኛ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ግንባታው ከተጀመረ ወዲህ ሥራቸው ከጓሯቸው ቆሞ ማየት ሆነ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ። መሰላል ሲጠፋ የራሳቸውን አመጡ፤ ማምጣትም አልበቃቸው፣ እግሩን ደግፈው ያዙ። መስኮቱ ወዴት ይዙር የሚለውን የመከሩን እንኳ እሳቸው ናቸው። አክስቴ «እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!» እያለች ትመርቃቸዋለች።

የመጨረሻው ቆርቆሮ በተመታ ማግስት ጋሼ ቀያሽ አስከትለው ብቅ አሉ። የክፍሉ ግማሽ ያረፈው በእሳቸው ቦታ ላይ ኖሯል፤ ስለዚህ «ክፍሉ የእኔ ነው፣ ውጪልኝ!» አሉ። ጉድ በል! ልኬቱ ደግሞ ውሸት አልነበረም። አጥሩ ከወደቀ ዘመን አልፎታል፤ አክስቴ የሠራችው የቀሩትን ጉቶዎች ተከትላ ነው።

ፍርድ ቤት ቆምን። ዳኛዋ ችኮላ የማያውቁ ሴት ናቸው። «ነገሩ የቅን ልቦና ነው» አሉ። «ቅን ልቦና ማለት ደግ ሰው መሆን አይደለም። ያን ጊዜ ምን ታውቁ ነበር? ያወቃችሁትንስ ምን አደረጋችሁት? እሱን ንገሩኝ።»

ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው ተነሱ። «እኔ ድንበሬን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፣ ክብርት ዳኛ።»

«አፍዎስ ዝም ይበል፤ እጅዎ ግን መሰላል ይዞ ነበር።»

ችሎቱ ሳቀ። እኔ በልቤ ጨፈርኩ። አለቀ፣ ረታን!

ዳኛዋ ወደ አክስቴ ዞሩ። «እርስዎስ?»

«መሠረቱ ሲቆፈር አላወቅኩም። ግድግዳው ወገብ ሲደርስ ግን ግንበኛው ‹እትዬ፣ ይሄ ድንበር አላማረኝም› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ይሁና፣ ዝም ብለህ ሥራ አልኩት።»

ወይኔ! ክው አልኩ። ምናለ ዝም ብትል! ግንበኛው እንደሆነ አገር ለቆ ሄዷል፤ ማን ሊመሰክርባት? የጋሼ ፊት በራ።

«ለምን እንዲያ አሉት?»

«ጋሼ አጠገባችን ቆመው ነበራ! መሬቱ የእሳቸው ቢሆን አይነግሩኝም ነበር?»

ፍርዱ ሲነበብ ክፍሉ ለአክስቴ ሆነ፤ ለነካችው ቦታ ግን ግምቱን ለጋሼ ትክፈል ተባለ። «ራሳቸውን የሚጎዳውን ያልደበቁ ሴት፣ የቀረውን ሲናገሩም ይታመናሉ» አሉ ዳኛዋ። እኔ ስለ ግምቱ እየተነጫነጭኩም ቢሆን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ታክሲ ውስጥ ስንገባ ግን የአክስቴ እንባ ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

«ምን ሆነሻል? ረታሽ እኮ!»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ» አለችኝ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ «የምሠራውን ቆሞ የሚያይልኝ ሰው አልነበረኝም። ጋሼ በየቀኑ ሲመጡ… ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።»