ከሰርጉ መሃል የተነቀለው ዲስክ

ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ሃርድ ዲስክ ልገዛ አስቤ ቁስቋም ሰፈር የቪዲዮ ስቱዲዮ ያላትን ትዕግስትን ላማክራት ሄድኩ። እስከዚያ ቀን በስልክ እንጂ በአካል ተገናኝተን አናውቅም።

«አንድ ትልቅ ዲስክ ይበቃኛል» አልኳት።

«እሱ ሲበላሽብህስ?» አለችና አራት ዲስኮች የተሰኩበትን ሳጥን አሳየችኝ። «ይሄ ሬይድ ነው። አንዱ ቢሞት የቀሩት ይሸፍኑለታል።»

ስክሪኑ ላይ ከዚያው ሳጥን የሚነበብ የሰርግ ቪዲዮ እየታየ ነው። ሙሽራዋ፣ በሜካፕ አሸብርቃ፣ የእናቷን ጉልበት እየሳመች ታለቅሳለች።

«አንዱን ንቀለው» አለችኝ።

«ቪዲዮው እየሄደ?»

«ንቀለው ስልህ!»

አንዱን ይዤ ሳብኩት። ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ አለ እንጂ ሙሽራዋ ለቅሶዋን አላቋረጠችም፤ ዘፈኑም አልተቆራረጠም። በሥራው እንዲህ የሚተማመን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም።

«አንቺስ ጉድ ነሽ!» አልኳት። «ግን በሰው ሰርግ እንዲህ ይቀለዳል? ሙሽራዋ ብታይሽ አንቃ ትገድልሽ ነበር።»

ትዕግስት ሳቀች። መነጽሯን አወለቀችና ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«እስቲ እኔንና ሙሽራዋን አስተያይ» አለችኝ። «በሰው ሰርግማ አልቀልድም።»