ሽሮ ይዘው የመጡት መርዶ ነጋሪዎች

ይህ የሆነው አምና ጥር ላይ፣ ህንድ አገር፣ ዴልሂ ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ቤት ነው። አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማለዳ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ለዚህም ነው ሁሉም ነገር እንደ ትናንት የሚታየኝ።

የሄድነው ለእማዬ የልብ ቀዶ ጥገና ነበር። አባዬ ሥራውን ትቶ መምጣት ስላልቻለ፣ እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። ቡራዩ ያሉ ጓደኞቼ "ውጭ አገር ልትሄጂ ነው!" ብለው ቀኑብኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሐኪሞቹ ግን ለክትትል ስድስት ሳምንት እንድንቆይ አዘዙን። የተከራየንበት ሕንፃ በሙሉ እንደኛ ለሕክምና የመጡ ሰዎች በሳምንት የሚከራዩት ነው። መጀመሪያ ሊፍቱን ፈርቼው አምስቱን ፎቅ በእግሬ ነበር የምወጣው። ነበልባል በሌለው ምድጃ ላይ ሽሮዬ ሁለቴ አረረ። ከአገር የያዝነው እንጀራ ያለቀ ቀን ሽሮውን በህንዶቹ ቂጣ በላነው። እማዬ "ይሄ እኮ ሽሮውን አያቅፈውም!" ብላ አሳቀችኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ውሃው ነው። እኛ ቡራዩ ገፈርሳ ግድብ አጠገባችን ተኝቶ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። እዚያ ቧንቧው ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ለእማዬ ግን አልተዋጠላትም። ትንሽ ካስቆየሁት "ዝጊው እንጂ! የሰው አገር ውሃ ነው ተብሎ ይደፋል እንዴ?" ትለኛለች።

ፊት ለፊታችን ከሱሉልታ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ኦቦ ገመቹና አዴ ጫልቱ። ኦቦ ገመቹ የመጡት ለኩላሊታቸው ነው። ከእኛ በታች ደግሞ ከሰበታ የመጡ ሁለት እህትማማቾች ይኖራሉ። ድንገት ቢያስፈልግ ብዬ የኦቦ ገመቹን ስልክ ለአባዬ ሰጥቼዋለሁ። በዚያ ሕንፃ የኛ አገር ሰው አንድ ወግ አለው። ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የተረፈውን ሽሮና በርበሬ ለሚቀረው አውርሶ ነው የሚሄደው።

በየቀኑ የሚደውልልን አጎቴ ሽመልስ ነበር። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ አብሮን ነው የሚኖረው። "እስኪ እያት፣ ልቧን የህንድ አድርገውላት ከሆነ ዘፈን ስትሰማ መጨፈሯ አይቀርም" ይለኛል። እማዬ ስትስቅ ስፌቷ እንዳያማት ደረቷ ላይ ትራስ አቅፋ ነበር የምትስቀው።

አንድ ማክሰኞ ስልኬን ስከፍት፣ የአክስቴ ልጅ የሽመልስን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፋዋለች።

አባዬ ጋ ደወልኩ። "ከማን ሰማሽ?" አለኝ። ከዚያ ነገረኝ፤ ሽመልስ እንደተኛ ነው የቀረው፣ ታመምኩ እንኳ ሳይል። "ስሚኝ ልጄ፣ ቁስሏ ሳይጠግግ እንዳትሰማ። ስትመለሱ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ ይነገራታል። እስከዚያ አደራ" አለኝ።

አስር ቀን ደበቅኩ። የእማዬን ስልክ ከዋይፋዩ አላቅቄ "ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል" አልኳት። "ሽሜ ምነው ጠፋ?" ስትለኝ "ስልኩ ወድቆ ተሰብሮበት ነው" አልኩ። በማግስቱ "እስካሁን አላሠራውም? ሰነፍ!" ብላ ትራሷን አቅፋ ሳቀች።

ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያው ነበር የማለቅሰው። እማዬ ከአልጋዋ "አንቺ ልጅ፣ ውሃውን!" እያለች ትጮህብኛለች።

በአስራ አንደኛው ቀን ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኦቦ ገመቹ፣ አዴ ጫልቱና ሁለቱ እህትማማቾች ጋቢ ተከናንበው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ቆመዋል። እኛ አገር ጎረቤት ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። አባዬ ደውሎ የላካቸው መሰለኝ።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ" አሉ ኦቦ ገመቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አባዬ ነው የላካችሁ? ዛሬ ንገሯት አላችሁ?" አልኩና ለቅሶዬ ፈነዳ።

"ምኑን ነው የሚነግሩኝ?" አለች እማዬ ከኋላዬ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ኦቦ ገመቹ ግራ ገብቷቸው የያዙትን ፌስታል ከፍ አደረጉ። "ኧረ እኛስ ልንሰናበታችሁ ነው! በረራችን በጠዋት ነው። የቀረችንን ሽሮና በርበሬ..."

አልጨረሱትም። እማዬ የምታየው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር።

"ሽሜ ነው?" አለችኝ።

መዋሸት አቃተኝ።

እጇን ደረቷን ልትመታ አነሳች። ያንን ገና ያልጠገገ ደረቷን። አዴ ጫልቱ ዘለው ሁለቱንም እጆቿን አየር ላይ ያዟቸው። "ደረትሽን አይሆንም! እኔን ምቺ! ይኸው ትከሻዬ፣ እኔን ምቺ!" እማዬ እውነትም መታቻቸው። ደጋግማ መታቻቸው። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

ታች የሚጠብቃቸው ታክሲ ጥሩምባ ይነፋል። አንደኛዋ እህት "አባባ፣ አውሮፕላኑ ያመልጣችኋል" አለቻቸው። ኦቦ ገመቹ "ለቅሶ ቤት ሳይቀመጡ አይኬድም" ብለው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። "እስኪ ስለ ወንድምሽ ንገሪን፤ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" አሏት። እማዬ እያለቀሰች ነገረቻቸው። የህንድ ልቡን ቀልድ ስታወራ ኦቦ ገመቹ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አይተውት የማያውቁትን ሰው አለቀሱልን።

ሲሄዱ ፌስታሉ በሩ ሥር ቀረ። ለአውሮፕላኑ በሩጫ እንደደረሱ በኋላ ሰማን።

ሐኪሙ እማዬን አይቶ ስፌቱ ደህና ነው አለ። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። "ለምን ደበቅሽኝ?" እስክትለኝ ጠበቅኩ። አመሻሽ ላይ ዞር ብላ "ውሃውን ከፍተሽ የምትቆዪው ለዚህ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

"እኔ ደግሞ እጮህብሻለሁ" አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

አሁን ቡራዩ ተመልሰናል። የአባዬን አደራ እንዳልጠበቅኩ ይሰማኛል፤ እሱ አንድም ቀን አላነሳብኝም። እዚያ ማለዳ ብቻችንን ብንሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ግን የሱሉልታዎቹን ሰዎች እድሜ ይስጥልኝ እላለሁ።

የኛ ፈረቃ ደርሶ ውሃ ሲመጣ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ ከቆየሁ እማዬ እንደ ድሮው "ዝጊው" አትለኝም። መጥታ በሩን በቀስታ ታንኳኳና "ደህና ነሽ?" ትለኛለች። "ፀጉሬን እየታጠብኩ ነው" እላታለሁ። እስክወጣ ግን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።