ላ ፓዝ ላይ የደረሰኝ መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ሃያትን ይዤ ኮሎምበስ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ስንዘዋወር፣ አንድ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ የሰው ፊት የተሳለበት ዳቦ ተደርድሮ አየሁ። ዓይን አለው፣ አፍ አለው፣ ጉንጩም ቀላ ብሏል። ሃያት "ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ክሪፒ!" ብላ፣ ያስፈራል ማለቷ ነው፣ ሳቀች። እኔ ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ምን ሆንክ ስትለኝ ብርዱ ነው ብዬ ሸወድኳት።

እንዲህ ያለውን ዳቦ ከዚህ በፊት ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። በዲቪ መጥቼ እዚሁ ኮሎምበስ አጎቴ ጋሼ ከማል ቤት እኖር ነበር። እማዬና እህቴ ዘይነባ ኮምቦልቻ ነበሩ። ኮሌጄ ስተዲ አብሮድ የሚል ነገር፣ ሌላ አገር ሄዶ መማር፣ ሲያመጣ አፕላይ አደረግኩና ለአንድ ሴሚስተር ቦሊቪያ፣ ኮቻባምባ ገባሁ። ጋሼ ከማል "አሜሪካ መጥቶ ደግሞ ሌላ ስደት! ምን ጉድ ነው?" እያለ ነበር ኤርፖርት የሸኘኝ።

ኅዳር ሲቃረብ ከክፍል ልጆች ጋር ላ ፓዝን ልናይ ሄድን። ከተማዋ ገደል ውስጥ የተዘረገፈች ናት። አየሯ ስስ ነው፤ ዳገት ስወጣ ልቤ በአፌ ልትወጣ ትደርሳለች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጆቹ ሙዚየም ሲገቡ እኔ ሠልፉ ሰለቸኝና ብቻዬን በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። የተጠበሰ ሥጋና የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።

አንድ በሩ ወለል ያለ ቤት አየሁ። ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሎበታል፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እኔ ደግሞ ወሎዬ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም። እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ እኛ ዘንድ ማን ይጠይቃል? ገባሁና ጥግ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ለካስ ለቅሶ አይደለም። በዓመት አንዴ ሙታን ቤታቸው የሚመጡበት ቀን ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ፍራፍሬ፣ ወጥ፣ መሰላል የሚመስል ዳቦ፣ ፊት የተሳለበት ዳቦ ተደርድሯል። ሙታኑ ቀትር ሲሆን ተሰናብተው ይሄዳሉ አሉኝ ሴቶቹ በስፓኒሽ። የቤቱ ባለቤት ዶኛ ፌሊሳ የሚባሉ አሮጊት መጥተው ለሟች ባላቸው እንድጸልይ ጠየቁኝ።

"መጸለይ የምችለው በዐረብኛ ነው" አልኳቸው።

"አሁን እሱ የማይሰማው ቋንቋ የለም" አሉኝ።

እጄን ዘርግቼ ፋቲሃ ቀራሁ። ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። ዶኛ ፌሊሳ ዳቦና ትኩስ ሐምራዊ የበቆሎ መጠጥ ሰጡኝ፤ ከዚያ ሌላ ስኒ ቀድተው አጠገቤ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡ።

"ይሄ ለማን ነው?"

"ለእናትህ ነዋ። አብራህ የገባችው እናትህ አይደለችም? ነጭ የተከናነበችው። ብዪ ብላት እምቢ አለችኝ፣ አንተን ብቻ ነው የምታየው።"

"እናቴ ደኅና ናት። አገሯ ናት" አልኳቸው። እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ። ወደ ጎኔ ዞሬ አላየሁም፤ ወላሂ ፈራሁ።

ከቤቱ ትይዩ ስልክ መደወያ ነበር። ሮጬ ኮምቦልቻ ደወልኩ፤ እዚያ ፀሐይ እየጠለቀች ነው።

"እማዬን አገናኚኝ።"

"ጎረቤት ሄዳለች" አለች ዘይነባ።

"በመግሪብ?"

"አይሰማም፣ መስመሩ አይሰማም" ብላ ዘጋችው። ያኔ ነው ማስታወስ የጀመርኩት። ባለፈው ስደውል ተኝታለች ተባልኩ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ገበያ ሄዳለች። ጋሼ ከማል ጋ ኮል አደረግኩ፤ ግሮቭ ሲቲ ባለው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ፣ ሥራ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ እማዬ አለች?"

"አለች እንጂ! ምን ነካህ?"

"ወላሂ በለኛ።"

ጋሼ ከማል ለቲማቲም ዋጋ እንኳ ወላሂ የሚል ሰው ነው። አሁን ግን ከጀርባው የዕቃ ማንሻው የፎርክሊፍት ጡሩንባ ብቻ ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ በአላህ፣ ወላሂ በለኝ!"

"ልጄ..." አለ። "መርዶ በስልክ አይነገርም። ትምህርትህን ጨርሰህ ስትመጣ፣ ሰው ሰብስበን ልናረዳህ ነበር።"

እንዴት ተመልሼ እዚያ ቤት እንደገባሁ አላውቅም። ማንም ምን ሆንክ አላለኝም። የማላውቃቸው ሴቶች ከበውኝ አብረውኝ አለቀሱ። ዶኛ ፌሊሳ አጠገቤ ያለውን ስኒ አስተካክለው "ቀትር አልሞላም፤ ተሰናበታት" አሉኝ። ለባዶው አግዳሚ በአማርኛ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። "አፉ በይኝ እማዬ" አልኳት። የቀትር ደወል ሲደወል ሁሉም ተነሥተው ሙታናቸውን እስከ በር ሸኙ፤ እኔም እማዬን ሸኘሁ።

ዛሬ ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ አሮጊቷ እንዴት አወቁ ይለኛል። ኢማማችን ሙት ማዕድ ላይ አይቀመጥም አሉኝ፤ አምናቸዋለሁ። ባለቤቴ ፊትህ ላይ አንብበውት ነው ትላለች፤ እሱንም አልክድም። ጋሼ ከማል አርጅቷል፤ ወሬው ሲነሣ "ተወኝ እስቲ!" ብሎ ክፍሉ ይገባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እማዬ ከደሴ አልፋ አታውቅም፤ ደሴም ስትሄድ መንገድ ይጠፋባት ስለነበር ሰው ይዛ ነበር የምትሄደው። መምጣቱንስ እሺ፣ የልጅ ናፍቆት መራት እንበል። ከዚያ በር ላይ ከሸኘኋት በኋላ፣ ያን ሁሉ ተራራና ባሕር ብቻዋን ስትመለስ፣ ማን አደረሳት?