በዜሮ አልፈርምም

ካዛንችስ የነበረው ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍሉን ያስቀመጠው ድሮ ወጥ ቤት የነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ፋይል የሚቀመጥባቸው ሰርቨሮች ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ማለት ሲበላሽ የሚጠራ፣ ሲሠራ የማይታወስ ሰው ማለት ነው። የዚያን ጊዜው ራስ ምታታችን የመኪና አደጋ ፎቶ ነበር። መርማሪዎቻችን የተጣመመ ኮፈን፣ የረገፈ መስታወት፣ የተጨፈለቀ በር ሲያነሱ ይውላሉ፤ አሮጌው ሰርቨር ፎቶውን እስኪከፍት ደንበኛው ባንኮኒ ተደግፎ ይበሳጫል።

በመጨረሻ አዲስ ማሽን ተገዛ። ሊያስረክበን የመጣው የሻጩ ድርጅት ባለሙያ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሆነና ተሳስቀን ተቃቀፍን። ሠርጌ ላይ ሸሚዙ ላቡን እስኪጠጣ የጨፈረ ልጅ ነው።

ማሽኑ ፋይልን ኮምፕረስ እያደረገ፣ ማለትም ጨምቆ እያሳነሰ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ነበር። የመምሪያው ኃላፊ፣ አለቃዬ፣ ፍጥነቱን ሊያዩ መጥተው በር ላይ ቆሙ። ጓደኛዬ ትእዛዝ ጻፈ፤ ስክሪኑ ላይ ዲስክ ይጽፈዋል ተብሎ የማይታመን ቁጥር ወጣ።

«ይሄ ይበራል እንዴ!» አሉ አለቃዬ።

እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ትእዛዙ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው የምትጽፍበት?» አልኩት።

«ዜሮ ነዋ። ሁሉም ሰው በዜሮ ነው የሚለካው።»

«ኮምፕረሽኑ እንደበራ?»

«አዎ፣ ጥቅሙ እኮ እሱ ነው።»

ነገሩ ቀላል ነው። ፋይሉ ከጫፍ ጫፍ ዜሮ ብቻ ከሆነ፣ ጨማቂው ማሽን «እዚህ ዜሮ ነው» ብሎ ጥቂት ምልክት አስቀምጦ ያልፋል። ዲስኩ ምንም ሳይጽፍ ጻፈ ይባልለታል።

«በይ ርክክቡን ፈርሚለትና ምሳ እንብላ» አሉ አለቃዬ።

«በዜሮ አልፈርምም፣ ጋሼ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ባዶ የጭነት መኪና ዳገት ላይ አስሩጦ ጉልበቱን እዩልኝ እንደማለት ነው። እኛ የምንጭነው ዜሮ አይደለም።»

«ባለሙያ አንቺ ብቻ ነሽ?»

«አይደለሁም። እሱም ባለሙያ ነው፤ ይጠይቁት።»

ጓደኛዬ ገመድ የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ። አለቃዬ በሩን ገፍተው ወጡ።

ደረጃውን ስንወርድ ጓደኛዬ «ሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?» አለኝ።

«ዜሮውን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ።»

አብረን ልንበላ ተቃጥረን ነበር። ሳይሰናበተኝ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ገባና ሄደ።

በነጋታው ብቻዬን ለካሁ። ምንም ቢደረግ የማይጨመቅ፣ በዘፈቀደ የተሞላ ፋይል አስቀድሜ አዘጋጀሁ፤ እዚያው እየፈጠርኩ ብጽፈው የመፍጠሩ ድካም ዲስኩ ላይ ይላከካል። ማሽኑ ዲስኩን ትቶ ከሜሞሪው፣ ከጊዜያዊ ማከማቻው፣ እያነበበ እንዳይሸውደኝ ፋይሉን ከሜሞሪው አስበለጥኩት። የተጻፈው ሁሉ ዲስክ ላይ በትክክል እስኪያርፍም ጠበቅኩ። ቁጥሩ አሽቆለቆለ።

አለቃዬ ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው ቀላ። «አታለውናል! ማሽኑ ይመለስ! ሪፖርቱን አሁን ጻፊ፣ ይሄን ቁጥር ይዤ አዋርዳቸዋለሁ።»

«በዚህም አልፈርምም።»

«ምን?»

«ይሄኛው ደግሞ በማሽኑ ላይ ግፍ ነው። የውል መዝገባችን ይጨመቃል፤ አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚደጋገመው። ዜሮውም የእኛ ሥራ አይደለም፣ ይሄም የእኛ ሥራ አይደለም። በራሳችን ፋይል ልለካው።»

«ትናንት ሻጩን አዋረድሽ፣ ዛሬ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽለት። ጓደኛሽ ነው አሉ።»

ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

«አዎ፣ ጓደኛዬ ነው። ስለዚህ እሱም አጠገቤ ቆሞ ይለካ፤ እርስዎም ወንበር አስመጥተው ይቀመጡ።»

የምባረር መስሎኝ ነበር፤ ቢሆንም ቃሌን አላጠፍኩም። በመጨረሻ አለቃዬ ወንበር አስመጡ።

ጓደኛዬ ስደውልለት መጣ። ከሥራ ውጪ ቃል አልተነጋገርንም። የውል መዝገቡን ቅጂና እውነተኛ የአደጋ ፎቶዎችን ለየብቻ መጫን ጀመርን። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ እሱ «ካቆምንበት እንቀጥል» አለ።

«ከመጀመሪያው» አልኩት።

«አንቺ ልጅ አትለወጪም!»

«አልለወጥም።»

ከመጀመሪያው ጀመርን። የውል መዝገቡ ጥሩ ፍጥነት አሳየ፤ ሲጨመቅ ስለሚያንስ ዲስኩ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ፎቶዎቹ ግን ካሜራው ውስጥ እያሉ ተጨምቀው የመጡ ናቸውና ማሽኑ ምንም አላተረፈባቸውም። ከአሮጌው ይሻላል፤ ቃል ከተገባልን ግን በጣም ያንሳል። እኛን ደግሞ የሚያስለቅሰን ፎቶው ነው።

ለአለቃዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት ጓደኛዬ ቀደመኝ። «ያሳየናችሁ ቁጥር የእናንተን ሥራ አያሳይም ነበር። ለፎቶው የሚበቃ ተጨማሪ ዲስክ ድርጅታችን ማምጣት አለበት። አለቃዬ ደስ አይለውም፣ እኔ ግን እንዲህ ብዬ ነው የምነግረው።» ከዚያ በፊት እንደዚያ ኮርቼበት አላውቅም።

ዲስኮቹ መጡ፣ በፎቶዎቹ እንደገና ለካን፣ ፈረምኩ። ባንኮኒው ላይ የሚደገፍ ደንበኛ ቀነሰ። እኔም በነፃ አልወጣሁም። በዚያው ሰሞን ውጭ አገር ለሥልጠና ልሄድበት የነበረው እድል ለሌላ ሰው ተሰጠ። የሥራ ባልደረቦቼ «ወይዘሮ ዜሮ» የሚል ስም አወጡልኝ። በኮሪደር «ወይዘሮ ዜሮ» ሲሉኝ «አቤት!» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ሰልችቷቸው ተዉት።

ከጓደኛዬ ጋር ለረጅም ጊዜ ተኳረፍን። አንድ ቀን ከሥራ መውጫ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ዞር ብሎ አየኝና «አሁን የደንበኛውን ፋይል ካልሰጡኝ አልለካም እላቸዋለሁ» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ቢሮ ውስጥ ይሰድቡኛል።»

«ይስደቡህ» አልኩት።

ሳቀ። ታክሲው መጣ፤ ሰልፉ ፈረሰና ተጋፍተን ገባን፣ እሱ ከኋላ፣ እኔ በሩ ጋ።