ወፍጮ ያልኩት ድምፅ

ልጅ ሳለሁ ድምፅ የሚሰፈር ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ጤፍ በቁና፣ እንደ ቅቤ በቅል። እንዲህ እንዳስብ ያደረጉኝ የአባቴ አጎት አያ ሙሄ ናቸው። አያ ሙሄ በወሎ፣ በእኛ መንደርና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ሁሉ ወፍጮ ወቃሪ ነበሩ፤ ሲፈጭበት ኖሮ የለሰለሰውን የድንጋይ ወፍጮ በሹል ብረት እየነቆሩ እንደገና የሚያሻክሩ ሰው ማለት ነው። አርባ ዓመት የድንጋይ ብናኝ ሲውጡ ኖረው ጉሮሯቸው ራሱ ወፍጮ ሆኖ ነበር። ሲስሉ ዱቄት ይቦን ነበር ብል አጋነንሽ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። እህል ባነሰበት ክረምትማ እናቴ ወንፊት ይዛ ከፊታቸው ትቀመጥ ነበር።

ያኔ እራት ተበልቶ ከብቶቹም ከገቡ በኋላ፣ የመንደሩ ልጆች ስምንት ሆነን እሳቸው ጎጆ እንሰበሰብ ነበር። ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይርገበገባል፣ የእርጥብ ግራር ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ፍሙ አመድ ለብሶ ይተኛና አያ ሙሄ በጭራሮ ሲነኩት ቀይ ዓይኑን ይገልጣል። የሌላው ሰው ተረት ስለ ጅብና ስለ አንበሳ ነው፤ የእሳቸው ግን ስለ ድምፅ ነበር። ወፍጮ ሊወቅሩ በሄዱበት አገር የሰሙትን ድምፅ ሁሉ ለቅመው ያመጡልናል። አንዲት ሙሽራ ነበረች፣ ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ በመርፌ ቀዳዳ አልፎ ቀሚስ ይሰፋ ነበር። አንድ መንዙማ አውጪ ነበሩ፣ ድምፃቸው ከመወፈሩ የተነሳ በሬዎች ተደግፈውት ያንቀላፉ ነበር። ከሁሉም ግን በየምሽቱ የምንለምነው የጉድጓዷን ልጅ ተረት ነው።

በቀማኞች ዘመን አንዲት እናት ልጅዋን እህል በሚቀበርበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ትደብቃትና አፉን በሣር ትከድነዋለች። ቀማኞቹ ሲሄዱ ወንድምዋ መጥቶ ሊያወጣት ነው። ጉድጓዱ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ልጅቷ ከታች ስታዜም ከላይ የሚቀበላት ካገኘች አንድ ክንድ ከፍ ትላለች፤ የሚቀበላት ካጣች አንድ ክንድ ትሰምጣለች። አያ ሙሄ በዚያ በሻካራ ድምፃቸው፦

«ከላይ ያለኸው ሰው፣ አለህ ወይ?»

ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ጎጆው እስኪነቃነቅ፦

«አለሁ እቴ አለሁ፣ ከአፋፉ ላይ!»

ብለን እንቀበላለን። ካልተቀበልን ተረቱ ንቅንቅ አይልም። የጉድጓዱ ጥልቀት ሰማንያ ክንድ ነበር፤ እኔ ሳወራው መቶ ሃያ ይሆናል፤ ጉድጓድ ሲያድር ይጠልቃል። በየምሽቱ አንድ ሁለት ክንድ እያወጣናት ክረምቱን ፈጀን።

ልጅቷ አራት ክንድ ሲቀራት በመንደራችን አንድ ነጋዴ ሬዲዮ ገዛ። ከዚያች ሳጥን ውስጥ አንዲት ሴት ስትዘፍን ሰማሁ፤ ድምፅዋ እንደ ሐር ክር ቀጭን፣ አንዲት ቋጠሮ የሌለበት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ከበቆሎ እሸት በቀር። ከዚያ ወዲህ የአያ ሙሄ ድምፅ ጆሮዬን ይቧጥጠኝ ጀመር።

«አያ፣ ምነው እንደ ሬዲዮዋ ሴትዮ አያዜሙም?» አልኳቸው።

«እሷ እንዴት ታዜማለች?»

«እንደ ማር!»

«ማርማ ማን ይጠላል» አሉና እጃቸውን ፍሙ ላይ አሞቁ። «ግን አንቺ ልጅ፣ የለሰለሰ ወፍጮ ለእጅ ይመቻል እንጂ እህሉን ሳይፈጨው ያሳልፈዋል። በይ ዝም ብለሽ ተቀበይ።»

አልተቀበልኩም። በማግስቱ ሰባቱን ልጆች በተጠበሰ በቆሎ ደለልኳቸውና አፋቸውን አስዘጋሁ። አያ ሙሄ «አለህ ወይ?» አሉ። ዝም። ደገሙት። ኩራዙ ብቻ ተንጣጣ። ሦስተኛውን ሲሉ ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አንገታቸውን ወደ እኛ ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ያን አጠባበቃቸውን ዛሬም እሰማዋለሁ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ፤ «እንግዲያው ታች ትደር።»

ፍሙን አመድ አለበሱት። ጠዋት ብረታቸውን አንግተው ወደ ሌላ አገር ወፍጮ ሊወቅሩ ሄዱ፤ እዚያው ልጃቸው ዘንድ ታመው ቀሩ። ተረቱን የሚጨርስልን አልተገኘም። ልጅቷም እዚያው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ዕድሜዬን የሚያውቀው የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ነው፣ እሱም ይዋሻል። በዓረብ አገር፣ አል አይን ከተማ ውስጥ፣ አል ሂሊ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ቪላ ወጥ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ የድምፅ ነገር አልለቀቀኝም። የአገሬ ልጆች አርብ አርብ ተገናኝተው ሲያዜሙ የድምፅ ዳኛ እኔ ነበርኩ። ቀጭን ድምፅ እወዳለሁ፤ ሳትጎትት፣ እንደ ጤዛ ጠብ የምታደርገዋን። ድምፁን የሚያንቀጠቅጥ ዘፋኝ ብርድ የያዘው ይመስለኛል። ሻካራ ድምፅ ከምሰማ ደግሞ የጋራዦቹ ሰፈር ሰናይያ ሄጄ ቆርቆሮ ሲቆረጥ ብሰማ እመርጣለሁ።

ወረርሽኙ ሲመጣ ቤቱ ተዘጋ። የአሠሪዬ የማዳም አራት ልጆች በአራት ስክሪን ይማራሉ፣ በቀን አምስቴ ይበላሉ፣ እኔ በረኪና ይዤ የነኩትን ሁሉ ተከትዬ አብሳለሁ። በዚያ ዓመት ያበስኩት የበር እጀታ ቢደረደር ከአል አይን ተነስቶ ደሴ ይገባል፣ ተርፎትም ኮምቦልቻን ይዞራል። የእጄ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። የአርብ እረፍት ቀረ፣ ከአል አይን ወደ አቡዳቢ የሚወስደውም መንገድ ተዘጋ። ማታ ማታ ጀርባዬን ሳሳርፍ የሚሰማኝ ድካም የእግር ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሳይሰሙ የዋሉበት የጆሮ ድካምም ነበር።

ዘጠኝ ሴቶች ሆነን በስልካችን ግሩፕ ነበረን። አርብ ከምሳ ዕቃ አጠባ በኋላ አንዷ በቮይስ ታዜማለች፣ ሌሎቻችን እየቀዳን እንቀበላታለን። በቀጥታ ሞክረነው ነበር፤ ስልኩ ስለሚያዘገይ የአንዷ «ሆ» እስኪደርስ አውጪዋ ዘፈኑን ጨርሳ መስኮት ወልውላ ትመለሳለች። ስለዚህ በቮይስ ሆነ። ሰዓዳ የምትባል ሰናይያ አጠገብ ሱቅ የምትሠራ የከሚሴ ልጅ አለች፤ የሬዲዮዋ ሴትዮ ዳግም ተወለደች ብያለሁ። እሷ ስታዜም ስምንታችንም እንሽቀዳደማለን፤ እኔ አንዴ ሩዙን አሳርሬባታለሁ።

ዝናሽም ነበረች። አቡዳቢ፣ አል ናህያን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅ የምትይዝ የሃያ ሦስት ዓመት የጎንደር ልጅ ናት። ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከጎድን አጥንትዋ የሚወጣ፣ የሻከረ፣ ረጅም እንጉርጉሮ ነው። እኔ ሦስተኛው ሴኮንድ ላይ እዘጋው ነበር። ዳኛዋ ስትዘጋ ሌሎቹም ዘጉ። አንድ አርብ ምላሴ በላኝና እንዲህ አልኳት፦

«ዝናሽዬ፣ ማዳም ወፍጮ ተከለች እንዴ? ዱቄቱ አል አይን ድረስ ቦነነብኝ እኮ!»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። ዝናሽ ሳትውል ሳታድር መለሰች፦

«እትዬ ሉባባ፣ እንግዲያው ያቡኩትና ዳቦ ይላኩልኛ!»

በአፍ የማትሸነፍ ብዬ ወደድኳት እንኳ። ከዚያ አርብ በኋላ ግን አላዜመችም፤ እኔም የት ጠፋሽ አላልኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ጆሮዬ አረፈ።

ወር ሳይሞላ ሰዓዳ ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ የዝናሽን አልሰሙም እንዴ?»

«ምን ሆነች?»

«በሽታው ይዟታል። ለብቻዋ ክፍል ሰጥተዋት ምግብ በር ላይ ያስቀምጡላታል። ማዳሟ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ሐኪምም አሳይታታለች፤ ግን ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል። ሐኪሙ እህል ካልቀመሰች መድኃኒቱ ብቻውን አያነሳትም ብሏል። አራት ቀኗ ነው።»

«ስልክስ?»

«የምንልክላትን ታየዋለች። አትመልስም።»

ሁላችንም ላክን። እኔ ምክር ላኩ፣ ዱዓ ላኩ፣ «ካልበላሽ መጥቼ በማማሰያ!» ብዬ ዛትኩ፤ መንገዱ እንደተዘጋ እሷም ታውቃለች። ሰዓዳ ያን ሐር ድምፅዋን ላከች። ዝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት ቀጥሎ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሲጠፋ የሚያምረው ድምፁ ነውና የዝናሽን የቆዩ ቮይሶች ፈለግኩ። ሰባት ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻቸው ሰማኋቸው። እንጉርጉሮዋን አውርዳ አውርዳ ታቆማለች፤ ከዚያ የክፍልዋ ኤሲ ሲያጉረመርም ይሰማል። አትዘጋውም። ስምንት ሴት «ሆ» ለማለት የሚበቃትን ያህል ትንፋሽዋን ይዛ ትጠብቃለች። ቀጥላ ቀስ ብላ ትስቅና «እሺ፣ ይቅር» ትላለች። በሰባቱም ላይ እንዲሁ። እሺ፣ ይቅር።

በሰባተኛው ላይ አያ ሙሄ ትዝ አሉኝ ብል ያምር ነበር፤ ውሸት ነው። ገና በመጀመሪያው ነው ትዝ ያሉኝ።

ልብስ የማሰጣ መስዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሙቀቱ ሲሚንቶውን ያፈላዋል። ማስኬን አወረድኩ። ከልጅነቴ ወዲህ ብቻዬን አዚሜ አላውቅም፤ ሰው የሚዳኝ ሰው የራሱን ድምፅ ይደብቃል። አፌን ስከፍት የወጣው የአያ ሙሄ ድምፅ ነው፤ ያው ብናኝ፣ ያው ድንጋይ። ጎረቤት ያሉት ርግቦች ደንግጠው ድንበሩን ተሻገሩና ኦማን ገቡ፣ ያለ ኢቃማ። የዝናሽን ዘፈኖች ከዚያ ቀን በፊት እስከ መጨረሻ ሰምቼ ስለማላውቅ ተቀባያቸውን አላውቀውም። የማውቀው አንድ ነው፤ እሱኑ ለሰባቱም ቀዳሁና ከየቮይሱ ሥር ላክሁላት፦

«አለሁ እቴ አለሁ፣ ከአፋፉ ላይ።»

ማየትዋን ስልኩ ነገረኝ። መልስ ግን የለም። በማግስቱም የለም። ሾርባው ውስጥ በጨው ፋንታ ስኳር ጨመርኩ። ማዳም «ሉባባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ስልኩን አስቀምጪው!» አለች። ኪሴ ውስጥ ደበቅኩት፤ ከድምፅ ሁሉ የምፈልገው ያንኑ ስዘጋው የኖርኩትን የዝናሽን ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዘጠኝ ሴኮንድ የምታህል ቮይስ መጣች። ሳል። ትንፋሽ። ከዚያ ከበፊቱም የባሰ የሻከረ ድምፅ፦

«እትዬ… ለካ ወፍጮው የእርስዎ ነው?»

ወዲያው ሌላ መጣ፤ አንዲት መስመር እንጉርጉሮ፣ ግማሹ ሳል። ከዚያ ኤሲው ሲያጉረመርም፣ እሷ ስትጠብቅ። «ይቅር» አላለችም። ሽንኩርት የነካውን እጄን እንኳ ሳልታጠብ ተቀበልኳት። ማታ ላይ «ሾርባውን ጠጣሁ፤ ጨው የለውም» ብላ ጻፈች። እኔም እንዲህ ያለውን የምግብ ስም ማጥፋት ካየሁ በኋላ እንደምትድን አወቅኩ።

እስክታገግም በየቀኑ ከአስር ሰላት በኋላ የጉድጓዷን ልጅ ተረት በቮይስ እየቆራረስኩ አወራኋት። ያቺ ልጅ አራት ክንድ ቀርቷት ነበር፤ እኔ ባመፅኩባት ምሽት አንድ ሰምጣ አምስት ሆኗል። ስምንቱም በግሩፑ ተቀበሉኝ፣ ሰዓዳ በሐርዋ፣ ዝናሽ በወፍጮዋ። አምስተኛዋ ክንድ ላይ ስትደርስ ዝናሽ ጠየቀችኝ።

«ወጥታ ምን አለች እትዬ?»

ውሸት አጥቼ የማላውቅ ሴት ያን ቀን አጣሁ። መጨረሻውን አያ ሙሄ ይዘውት ሄደዋላ። «እስቲ ትንፋሽ ትሰብስብ» አልኳትና አለፍኩ።

ጣዕሜ ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም የምወደው ቀጭኑን ነው፤ ሰዓዳ ስታዜም ዛሬም ሩዜ ያራል። ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም ቮይስ መሐል ላይ አልዘጋም። መጨረሻ ላይ ያለችውን ዝምታ፣ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅባትን፣ እጠብቃታለሁ። ደክሞኛል፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል፣ በረኪናው ከእጄ እስከ ዛሬ አልወጣም። አርብ ሲሆን ግን ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ ዝናሽ አውርዳ አውርዳ ስታቆም፣ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ፣ ተቀባዩን እንዳለ እልክላታለሁ።